የቢዝነስ ኮሙኒኬሽን የሙያ ዕውቅና፦ አመልካቾች ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባ

በንግድ ድርጅቶችና በልዩ ልዩ ተቋማት በኮሙኒኬሽን ሥራ ላይ የተሰማሩ ዜጎች ዓለም አቀፍ የሙያ ዕውቅና ለማግኘት ሲያስቡ አስቀድመው የሚጠይቁት ሥልጠናው ስንት ቀን እንደሚወስድ ነው። ይሁን እንጂ ሥልጠናና ዕውቅና የተለያዩ ናቸው። የሥልጠና ምስክር ወረቀት በሥልጠናው መገኘትን ያረጋግጣል፤ ዕውቅና ግን የባለሙያው ብቃት በፈተና ወይም በሥራው ግምገማ ተመዝኖ የሚሰጥ ነው።

በዘርፉ ለረጅም ዓመታት የሚታወቀው መጠሪያ "ኤቢሲ" ሲሆን፣ ይሰጥ የነበረው እ.ኤ.አ. በ1970 በተመሠረተው ዓለም አቀፍ የቢዝነስ ኮሙኒኬተሮች ማኅበር ነው። አመልካቹ የሥራ ናሙናዎቹን አቅርቦ የጽሑፍና የቃል ፈተና ይወስድ ነበር። ይህ ዕውቅና ዛሬ ለአዲስ አመልካች አይሰጥም። ቀደም ሲል ያገኙት ባለሙያዎች ግን መጠሪያውን ስለሚጠቀሙ አሁንም ያለ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ስለሆነም "ለኤቢሲ እናበቃችኋለን" ለሚል አካል ክፍያ መፈጸም አይገባም። በቦታው "ሲኤምፒ" እና ለከፍተኛ ባለሙያዎች "ኤስሲኤምፒ" የተባሉ ሁለት የምስክር ወረቀቶች ተተክተዋል።

ሌላው አማራጭ እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ የተጀመረው የሕዝብ ግንኙነት ዕውቅና "ኤፒአር" ነው። አመልካቹ ቢያንስ የአምስት ዓመት ልምድ ቢኖረው ይመከራል። በኮምፒውተር ለሚሰጠው ፈተና ከመቀመጡ አስቀድሞም ሦስት ባለሙያዎች ባሉበት ጉባኤ ፊት ቀርቦ ያከናወነውን አንድ ሥራ ያስረዳል። አመልካቾች በተለይ ሊዘጋጁበት የሚገባው ይህ ምዕራፍ ነው።

ለአብነት፣ አንድ ባለሙያ ባንኩ የጀመረውን የሞባይል አገልግሎት ያስተዋወቀበትን ሥራ አቀረበ እንበል። በራሪ ወረቀቱ ያማረ፣ የሬዲዮ ማስታወቂያውም የተወደደ ሊሆን ይችላል። ጉባኤው ግን ደንበኞች አገልግሎቱን ያልተጠቀሙበት ምክንያት አስቀድሞ ተጠንቶ እንደሆነ፣ መልእክቱ ለማን እንደታሰበ፣ ግቡ በቁጥር ተቀምጦ እንደነበረና በመጨረሻ ምን እንደተለወጠ ይጠይቃል። "አሥር ጋዜጣዊ መግለጫ አውጥተናል" የሚለው መልስ የተሠራውን ብዛት እንጂ ውጤቱን አያሳይም፤ በየመሥሪያ ቤቱ የምናዘጋጃቸው ሪፖርቶችም ከዚህ ጉድለት የጸዱ አይደሉም። ከዘመቻው በፊት የነበረው የተጠቃሚ ቁጥር ካልተመዘገበ በኋላ መልሶ ማግኘት አዳጋች ነው። በመሆኑም ለማመልከት ያሰበ ባለሙያ የመነሻ ጥናቱን፣ የጸደቀውን ዕቅድ፣ በጀቱንና የአፈጻጸም መረጃውን ከሥራው መጀመሪያ አንሥቶ ማስቀመጥ ይኖርበታል። የድርጅቱ ምስጢር የሆነ ሰነድ ያለ ኃላፊ ፈቃድ ሊቀርብ እንደማይገባም መዘንጋት የለበትም።

ለኤፒአር ፈተና ለመቀመጥ በመርሐ ግብሩ ከሚሳተፉ ማኅበራት የአንዱ አባል መሆን ስለሚጠበቅ፣ የአባልነት ክፍያውን ከፈተናው ክፍያ ጋር አንድ ላይ ማስላት ይጠቅማል። ፈተናው በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ሲሆን ዕውቅናው በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። የትምህርት ማስረጃን ግን አይተካም፤ ዲግሪ በሚጠየቅበት የሥራ መደብ የሚወዳደር አመልካች ዲግሪውን ማቅረብ ይጠበቅበታል።