ከጎረቤቱ የሚደበቅ ነጋዴ

ብድር ሊጠይቀኝ የመጣ የአንድ ወጣት ጫማ ሠሪ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። ከአንድ የጥበቃ ድርጅት የጥቁር ቆዳ ጫማ ትእዛዝ ተቀብሎ ቀብድም በልቶ ነበር። ከትእዛዙ ውስጥ 44 እና 45 ቁጥሮቹ ፎርማ አጡ። ፎርማ ከሌለ ቆዳው የሚወጠርበት የለም፤ ሥራው እዚያው ቆመ። ፎርማ የሚገዛበት ገንዘብ ሲያፈላልግ የማስረከቢያው ቀን አለፈ፣ ውሉ ፈረሰ፣ ቀብዱን መለሰ። ወደ እኔ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቤቱን ለማየት ስሄድ፣ ከእሱ በአንድ ግድግዳ የሚለዩት አንጋፋ ሠሪ መደርደሪያ ላይ የሁለቱም ቁጥር ፎርማ አቧራ ለብሶ ተደርድሯል።

«ለምን አልተዋስክም?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ትእዛዝ መያዜን ካወቁ ደንበኛዬን ይነጥቁኛል።»

በብድር ሥራ ላይ የቆየ ሁሉ ይህን መልስ ያውቀዋል። እኔን የሚያደክመኝ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው። ከጎረቤቱ ፎርማ ለመዋስ የፈራው ሰው፣ ወረቀቱን ገና ሳልጨርስ «ክፍለ ከተማ የምታውቀው ሰው የለም?» ይለኛል። ሰው ማወቅ ማለት ለብዙዎቹ ባለሥልጣን ማወቅ፣ ባለሀብት ማወቅ፣ ጨረታ የሚያሰጥ ማወቅ ነው። ለዚህ ሲሉ ባዛር ይዞራሉ፣ የማይደውሉበትን የስልክ ቁጥር ይሰበስባሉ፣ በየሥልጠናው የስም ካርድ ያድላሉ። ከጎናቸው ያለው ሠሪ ግን ቆዳ በስንት እንደገዛ እንኳን አያውቁም።

መርካቶ በየተራው የተሰለፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ገዢ አንድ ቦታ አማርጦ መግዛት ይፈልጋል፤ ሻጭ ደግሞ የጎደለውን ከጎኑ ያገኛል። የጫማ ሥራው ራሱ የተስፋፋው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ አርመን ነጋዴዎች አዲስ አበባ ውስጥ በከፈቷቸው የጫማ ፋብሪካዎች እጃቸውን ያፍታቱ ሠራተኞች ወጥተው የራሳቸውን ቤት ከፈቱ፤ ከእነሱ የለመዱት ደግሞ አጠገባቸው ከፈቱ። ሙያው ከሰው ወደ ሰው እንጂ በትምህርት ቤት በኩል አልመጣም።

«ዲዛይኔን ይሰርቁኛል» የሚለውን ስጋት አላጣጥለውም። ይሰርቃሉ። ግን የሚሰርቁት ከሱቅ መስታወት ላይ ነው። አዲስ ጫማ ለሽያጭ በወጣ ማግስት አንዱ ገዝቶ ይፈታዋል፣ ቆዳውን እንደ ወረቀት ዘርግቶ ይቀዳዋል። የሥራ ቤቱን በር መዝጋት ይህን አያስቀረውም። በ1993 ዓ.ም. ገደማ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ብዙ የአገር ውስጥ ሠሪ ተንገዳገደ፣ የተዘጋም ነበር። ጸንተው የቆሙት ቅርጹን አሳምረው፣ ጥራት ጨምረው ደንበኛ መለሱ። ያን ጊዜ አንዱ ከሌላው እያየ መቅዳቱ ሰፈሩን በሙሉ ነው ያነሳው። በር ዘግቶ የሚሠራ ሰው መቀዳቱ ሳይቀርለት፣ እሱ ራሱ የሚማርበትን ብቻ ያጣል።

ሌላው ከጎረቤት የሚገኝ ነገር መረጃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ባንክ ላይ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ በሚገባ ሶልና ማስቲሽ የሚሠራ ሰው ነገ የሚገዛበትን ዋጋ ዛሬ ማወቅ ነበረበት። ከጎረቤት ጋር ቡና የሚጠጡት አቅራቢው ዕቃ መያዝ እንደጀመረ በዚያው ቀን ሰምተው አዲስ ትእዛዝ በአሮጌ ዋጋ መቀበል አቆሙ። ብቻቸውን የሚሠሩት በአሮጌው ዋጋ እየሸጡ ቆዩ፤ ሲሸጡ ያተረፉ መስሏቸው፣ ዕቃ ሊተኩ ሲሄዱ ግን ግማሹን እንኳን መግዛት አቃታቸው። ደረቅ ቼክ የሚሰጥ ደንበኛም እንደዚሁ ነው። አንዱን ቤት አቃጥሎ ወደሚቀጥለው የሚገባው፣ የተቃጠለው አፍሮ ዝም ስለሚል ነው።

ገንዘቡንም ብትወስዱት ያው ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የንግድ ባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ሲገድብ፣ ትንንሾቹ መጀመሪያውኑም ከባንክ በር ስለራቁ ብዙ የተለወጠባቸው አልመሰላቸውም። ቆዳ የሚያቀርብላቸው ነጋዴ ሲጠብበት ግን ዱቤውን ለማን እንደሚቀጥል መምረጥ ግድ ሆነበት። የሚመርጠው ደግሞ ጎረቤት ጠይቆ ነው። «ቅዳሜ እከፍላለሁ ካለ ቅዳሜ ይከፍላል?» ይላል። ለዚህ ጥያቄ የሚመልስለት ጎረቤት የሌለው ሰው በጥሬ ይገዛል፤ ጥሬ ገንዘብ ከሌለው አይገዛም።

የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ወዲህ የስፌት መኪናም፣ ያልተሸጠ ጫማም በሕግ መያዣ መሆን ይችላል። ጥሩ ሕግ ነው። ሆኖም መኪናው ዛሬ ያለበት ነገም እንደሚገኝ የሚነግረኝ ወረቀቱ አይደለም፤ ግቢውን የሚጋሩት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ዳሰሳ ስወጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ዕቁብ ነው። ዕቁብ ትጥላለህ? ዕጣ ሲወጣልህ ማን ዋስ ሆነልህ? ዕጣውን ከበላህ በኋላስ አቋርጠህ ታውቃለህ? ለረጅም ጊዜ ሳያቋርጥ የጣለ፣ ዳኛውና ጸሐፊው በስሙ የሚምሉለት ሰው፣ ካርታ ያለውን ያህል ያሳምነኛል።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ይህ መረብ ለሁሉም እኩል አልተዘረጋም። የአገር ልጅነት የሚከፍተው በር ለመጤው ይጠብበታል። ሴቶች ላይ ደግሞ ይብሳል፤ የቆዳ ዋጋና የትእዛዝ ወሬ የሚወራው ሥራ ካበቃ በኋላ ወንዶች በሚቀመጡበት ቤት ነው። በዚያ ሰዓት ልጆቿን ልታበላ የምትሮጥ ሴት ወሬው ሲደርሳት ዋጋው ተለውጧል። «ተቀላቀይ» ብሎ መምከር ቀላል ነው። የሴቶቹን ዕቁብ ቀን ላይ፣ የሥራ ቦታው ላይ መሰብሰብ ግን ይሠራል፤ ያደረጉትን አይቻለሁ። ገንዘቡ ከተጣለ በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት ዋጋ የሚለዋወጡባት፣ የተረፈ ገበር የሚከፋፈሉባት ናት። ከመካከላቸው ትእዛዝ የበዛባት እዚያው ለሌላዋ ታካፍላለች።

የእኛም የአበዳሪዎቹ ቤት ጥፋት አለበት። የብድር ማመልከቻ ቅጻችን የጋብቻ ሁኔታ ይጠይቃል፣ የቤት ቁጥር ይጠይቃል፣ የዋስ ደመወዝ ይጠይቃል። ተበዳሪው ከማን በዱቤ እንደሚወስድ፣ ትእዛዝ ሲበዛበት ለማን እንደሚያካፍል፣ የማንን ዕቃ ተውሶ በጊዜው እንደመለሰ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። እኔ በእጄ ጽሑፍ ኅዳጉ ላይ አሰፍረዋለሁ፤ ወደ ኮሚቴ የሚሄደው ማጠቃለያ ሲተየብ ግን ይቀራል። ከዚያ ኮሚቴው ያላነበበውን ሰው «ዋስትናው ደካማ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ለዚህ ሦስት መስመር ቅጹ ላይ እንዲጨመር ጠይቄአለሁ፤ አሁንም እየጠየቅኩ ነው።