የኦቶሞቢል ፍሪሲዮን በደጃፍ ይለወጥ ወይስ ለመካኒክ ይሰጥ?

የእንፍራንዝ ከተማ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ጎዳና ዳር የተቀመጠች ስለ ሆነች ኑሮዋ ከመኪና ጋራ የተሳሰረ ነው። ሰውን ወደ ማክሰኚትና ወደ አዲስ ዘመን፥ ጤፉንና ሽምብራውን ወደ ጎንደር ገበያ የሚያመላልሱት ሚኒባስ፥ አይሱዙና ባጃጅ ናቸው። በዚህ ሥራ ከሚተዳደሩት ሰዎች ብዙዎቹ ያላቸው አንዲት መኪና ብቻ ናት፤ እርሷም ለቤቱ እንደ ጥማድ በሬ ትቈጠራለች። ስለዚህ ፍሪሲዮኗ በተቃጠለ ቀን የሚቆመው ሞተሩ ብቻ ሳይሆን የልጆች ደብተርና የወሩ አስቤዛም ጭምር ነው። በዚያን ጊዜ አባወራው «ለመካኒክ የምንከፍለው ይቅርብን፤ ጎረቤት ጠርቼ እኔው እፈታዋለሁ» ይላል፤ እመቤቲቱም የዕቁቡን ብር እያሰበች ዝም ትላለች። እኛ ግን ነገሩ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም እንላለን።

አስቀድሞ ፍሪሲዮን ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። ቃሉ ኢጣሊያንኛ ነው፤ ትርጓሜውም መፋተግ ማለት ነው። ከሞተሩ በስተኋላ ቮላኖ የሚባል ከባድ የብረት መንኰራኵር አለ። በእርሱና በሚጫነው ሳህን መካከል ሸራ የለበሰ ክብ ዲስክ ይገባል። ነጂው ፔዳሉን ሲለቅ ሳህኑ ዲስኩን ከቮላኖው ጋራ አጣብቆ ይይዘዋል፤ የሞተሩም ኃይል ወደ ካምቢዮው ይተላለፋል። ፔዳሉን ሲረግጥ ኩሺኔታው ሳህኑን ገፍቶ ዲስኩን ያስለቅቀዋል፤ ማርሽ የሚለወጠውም ያን ጊዜ ነው። ሸራው ባለቀ ጊዜ ሞተሩ ይጮኻል፥ መኪናው ግን በዳገት አይሄድም፤ የተቃጠለ ነገርም ይሸታል።

በገዛ እጅ መጠገን ነውር አይደለም። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም ዎልስሌይ የተባለውን ኦቶሞቢል ከጅቡቲ በረሃውን አቋርጦ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ ሲያመጣ በመንገዱ ላይ አንድም ጋራዥ አልነበረም። ዛሬም ቢሆን በቤት ሊሠራ የሚገባ ሥራ አለ። ፍሪሲዮኑ በሽቦ የሚሳብ ከሆነ ሽቦው የላላ ወይም የከረረ እንደ ሆነ መርምሮ ማስተካከል፥ በዘይት የሚገፋ ከሆነ ዘይቱ የሚፈስበትን ስፍራ መፈለግ ካቻቢቴና መፍቻ ላለው ትዕግሥተኛ ሰው የሚቸግር አይደለም። አንዳንድ ጊዜም «ፍሪሲዮን ሞተ» ተብሎ የተለቀሰለት በዚህ ብቻ ይነሣል። የባጃጅም ነገር ልዩ ነው። የእርሱ ፍሪሲዮን በሞተሩ ውስጥ በዘይት ተነክረው የተደራረቡ ብዙ ትንንሽ ሳህኖች ስለ ሆነ የራሱን ልዩ መፍቻ ይጠይቃል እንጂ በክብደቱ ሰው አይገድልም።

የሚኒባስና የጭነት መኪና ነገር ግን ከዚህ ይለያል። እዚያ ዲስኩን ለማግኘት ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ ክብደቱም ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ያልፋል። ይህን የሚያወርደው ሰው በመኪናው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነው። ክሪክ ለማንሣት ብቻ የተሠራ መሣሪያ ነው፤ አንሥቶ ይዞ ሊያድር አይታመንም። በድንጋይ ክምርና በግንድ ላይ የቆመች መኪና ቡሎን ለመፍታት በሚሳበው ጉልበት ትነቃነቃለች፤ ድንጋዩም ይንሸራተታል። በደልዳላ ሲሚንቶ ላይ የብረት መቆሚያ ያላቆመ ሰው ከሥሯ ባይገባ ይሻለዋል፤ የአብዛኛው ቤት ደጃፍ ደግሞ አፈር ነው።

ሁለተኛው አደጋ አይታይም። ቀድሞ የፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራ በአብዛኛው አስቤስቶስ ከሚባል ማዕድን ጋራ ተደባልቆ ይሠራ ነበር። ደቃቅ ብናኙ ወደ ሳንባ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰርና ሌላም የሳንባ በሽታ እንደሚያመጣ ተረጋግጧል። የአውሮፓ ኅብረት በጠቅላላው የከለከለው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ዓመት ነው። በአሮጌ መኪና ውስጥ ያለው ሸራ ከምን እንደ ተሠራ በዓይን አይታወቅም። ይልቁንም ለዚህ ገጽ አንባብያት የምንናገረው ይህን ነው፦ በሌሎች አገሮች በአስቤስቶስ የሠሩ ሰዎችን ልብስ ያጠቡ ሚስቶች፥ ፋብሪካውን ረግጠው ሳያውቁ፥ በዚያው በሽታ ታመዋል። ስለዚህ ብናኙን በአፍ «እፍ» ማለት ወይም በደረቁ መጥረግ አይገባም፤ በውሃ ማርጠብ ነው። የሥራውም ልብስ ሳይራገፍ ለብቻው ይታጠብ፤ ልጆችም ይራቁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ። በቤት የሚሠራ ሰው የሚያተርፈው የእጅ ዋጋውን ብቻ ነው፤ ዲስኩን፥ ሳህኑንና ኩሺኔታውን ያው ይገዛል። አንዱን ለውጦ ሁለቱን ማስቀረት ደግሞ ቁጠባ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ አሮጌው ኩሺኔታ በሦስተኛው ወር ሲጮኽ ያ ሁሉ ሥራ እንደገና ይጀመራል። ቮላኖው ተቧጥጦ ከተገኘ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፤ ከሞተሩ በስተኋላ ዘይት የሚያፈስ ጎማ ካለ እርሱም ካልተለወጠ አዲሱ ሸራ በዘይት ይበላሻል። ዲስኩ በትክክል መካከል ላይ ካልዋለ የካምቢዮው ዘንግ አልገባም ይላል፤ ጀማሪውም በቡሎን ጉልበት ሊያስገባው ሲታገል ዲስኩን ያጣምመዋል። የለመደ መካኒክ ከረዳቱ ጋራ በአንድ ቀን የሚጨርሰውን ያልለመደ ሰው ሦስት ቀን ይውልበታል። የሦስት ቀን ገቢ ከእጅ ዋጋው ቢበልጥ ትርፉ የት አለ?

ስለዚህ ካምቢዮ የሚወርድበትን ሥራ ለመካኒክ መስጠት ይበልጣል እንላለን። ይሁን እንጂ መኪናን ሰጥቶ ወደ ቤት መሄድ አይደለም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በራሱ ኃላፊነት አንድ ሥራ ሠርቶ ውጤቱን ለማስረከብ ቃል የገባን ሠራተኛ ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ግን ምን ቃል እንደ ገባ ማስረዳት የሚቀለው በጽሑፍ ሲሆን ነው። «ተነጋግረናል» የሚል ቃል ብዙ ወዳጆችን ሲያጣላ እናያለን። አንድ ወረቀት ይበቃል፦ የእጅ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ፥ ዕቃውን ማን እንደሚገዛ፥ በየትኛው ቀን እንደሚያልቅ፥ እስከ ስንት ቀን ዳግመኛ ቢበላሽ ያለ ክፍያ እንደሚሠራ፥ ከሁለት ምስክር ፊርማ ጋራ። ዕቃውን ባለቤቱ ራሱ ቢገዛ፥ አሮጌውንም ቢቀበል መልካም ነው። መጨረሻ ላይ ካምቢዮው ሳይገጠም አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ አዲሱን ዲስክ በዓይኑ ይየው።

መኪናዋ ከተመለሰች በኋላ ለጥቂት ቀን ከባድ ጭነት አይጫንባት። ወደ አዘዞና ወደ ጎንደር በሚወጣው ዳገት ላይ ሰው ሲወርድና ሲሳፈር ነጂው መኪናዋን በግማሽ በተረገጠ ፍሪሲዮን አይያዛት፤ የእጅ ፍሬን የተሠራው ለዚህ ነው።