ትኬቱ ሲገባ የሚበላው ማን ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሲጀመር አዲስ አበባም ሆነ እስቴ መካነ ኢየሱስ የኳስ አፍቃሪው ወሬ ያው ነው። አርሴናል፣ ማንቸስተር፣ ቼልሲ ይባላል። ባለፉት ዓመታት ግን አንድ ጥያቄ ተጨምሮበታል፤ “ትኬትህ ስንት ይከፍላል?” ጎል ሲገባ የሚጮኸው ሁሉ ደጋፊ አይደለም፤ ኦድ ቆጣሪውም አብሮ ይጮኻል። ለመሆኑ ቤቲንግ በሕግ የተፈቀደ ነው? ትኬቱ ሲገባስ መንግሥት ስንት ይወስዳል?

በመጀመሪያ ሕጋዊነቱን እንይ። በአገራችን ሎተሪና መሰል ጨዋታዎችን ያለ ፈቃድ ማካሄድ አይቻልም። አዋጅ ቁጥር 535/1999 ፈቃድ የመስጠቱንና የመቆጣጠሩን ሥልጣን ለብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ሰጠ። የስፖርት ውርርድ ድርጅቶችም ወደ ገበያው የገቡት በዚሁ በር ነው። ፈቃድ አለ ማለት ግን ሁልጊዜ በሩ ክፍት ነው ማለት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በርካታ የውርርድ ቤቶች ሲታሸጉ አይተናል፤ የተባለውም ወጣቱን ከሥራና ከትምህርት እያራቁ ነው የሚል ነበር።

ቤቱ ቢታሸግም ስልኩ አልታሸገም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ ማስገባትና ማውጣት ቀላል ሆኗል። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር የመካነ ኢየሱስ ልጅ በስልኩ ሊወራረድ አይችልም ነበር። መስመሩ ሲመለስ ግን ጨዋታውም አብሮ ተመለሰ።

ሒሳቡን እንሥራ

አሁን ወደ ግብሩ እንግባ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 ከዕድል ጨዋታ በሚገኝ ገቢ ላይ 15 ከመቶ ግብር ጣለ፤ ነፃ ያደረገው ከ100 ብር በታች የሆነውን ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 979 ደግሞ በአንቀጽ 57 ምጣኔውን እዚያው 15 ከመቶ ላይ ትቶ ነፃውን መጠን ወደ 1,000 ብር ከፍ አደረገው። ግብሩን ቀንሶ የሚያስቀረው ከፋዩ ድርጅት ነው።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። አዋጁ ግብሩን የጣለው በጠቅላላው አሸናፊነት ገንዘብ ላይ ነው፤ የተበላው አይቀነስም። አንድ ወጣት በየሳምንቱ 500 ብር እያስያዘ ለ20 ሳምንት ተወራረደ እንበል። ያወጣው 10,000 ብር ነው። 19ኙን ተበላ፤ በ20ኛው 11,000 ብር የሚከፍል ትኬት ገባለት። ጓደኞቹ “በላህ!” ብለው ይጨፍራሉ። ነገር ግን በ15 ከመቶው ስሌት 1,650 ብር ሲቀነስ እጁ የሚገባው 9,350 ብር ነው። እንግዲህ አሸነፈ የተባለው ልጅ 650 ብር ከስሯል ማለት ነው!

አሜሪካኖቹስ?

አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከዚህ ጣጣ አላመለጡም። እዚያ በውርርድም ይሁን በኢንተርኔት ፖከር የተገኘ ገንዘብ፣ ጨዋታው ሕጋዊ ሆነም አልሆነም፣ ግብር ይከፈልበታል። ተጫዋቹ ወጪውን ዘርዝሮ ካቀረበ የተበላውን እስካሸነፈው መጠን ድረስ ያቀናንስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሕግ ግን ከ2026 ጀምሮ የሚቀነሰው ከተበላው 90 ከመቶው ብቻ እንዲሆን ወሰነ። 100,000 ዶላር አሸንፎ 100,000 ዶላር የተበላ ሰው፣ ኪሱ ባዶ ሆኖ፣ 10,000 ዶላር እንዳተረፈ ተቆጥሮ ይጠየቃል።

ፈቃድ በሌለው ድረ ገጽ መጫወት የሚያመጣውን ጦስም እነርሱ ቀምሰውታል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2011 የአሜሪካ መንግሥት ፖከርስታርስን፣ ፉል ቲልት ፖከርንና አብሶሉት ፖከርን ዘጋ። ፖከርስታርስ የአሜሪካ ደንበኞቹን ወዲያው ሲከፍል የፉል ቲልት ተጫዋቾች ግን ገንዘባቸው መመለስ የጀመረላቸው በ2014 ነው። ሦስት ዓመት ገደማ ጠበቁ! የአሜሪካ ፍርድ ቤት ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ አድራሻው በማይታወቅ የውጭ ድረ ገጽ ላይ ብር ያስገባ የእስቴ ልጅ ለማን አቤት ይላል?

ስለዚህ የሚወራረድ ሰው ቢያንስ የድርጅቱን ፈቃድ ይጠይቅ፤ ተቀናሽ ሲደረግበት ደረሰኙን ይያዝ፤ ከሁሉ በላይ ያስያዘውን በደብተር ይጻፍ። ትኬቱ የገባበትን ቀን ሁሉም ያስታውሰዋል። ግብር ሰብሳቢውም ያንኑ ቀን ያውቃል። ያ ሁሉ የተበላበትን ሳምንት የሚቆጥር ግን ከራሱ ከባለ ገንዘቡ በቀር ማንም የለም።