ፋብሪካው ለምን እዚያ ተተከለ?

ከገጠር ወደ ከተማ ስለሚፈልሱ ወጣቶች ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው «መንደራቸውን ለምን ለቀቁ?» ብለን ነው። ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ግን አለ፤ ይኸውም ሥራው ለምን በዚያ ቦታ ተገኘ የሚለው ነው። ይህን ለመረዳት ሁለት ከተሞችን እንመልከት።

የመጀመሪያዋ ድሬ ዳዋ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ጥንታዊቷ የንግድ ከተማ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች በመሆንዋ ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት እጅግ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆነ። ስለዚህ መስመሩ በቆላው አለፈና በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ደረሰ። ቦታውንም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ይሉት ነበር። ነጋዴው፣ መጋዘኑ፣ የባቡር ጥገናው፣ በኋላም የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካው ሐዲዱን ተከትለው መጡ። በዚያ ዘመን ከሐዲድ የራቀ ፋብሪካ ትርፉን በጭነት ኪራይ ይጨርስ ነበርና። ትናንት የተቆረቆረችው ከተማም በሕዝብ ብዛት እናቷን ሐረርን በለጠች። (በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ጣቢያውን ከከተማዋ ውጭ አደረገው!)

ሁለተኛዋ ሐዋሳ ናት። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ርቃ ሳለች፣ ሐዲድም ሳይደርስላት፣ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ትልቅ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀላት። ዕቅዱ 60,000 ሠራተኞች እንዲይዝ ነበር። ባለ ፋብሪካዎቹን የሳባቸው መንግሥት ሠርቶ ያዘጋጀው አዳራሽ፣ በአካባቢው ያለው የሥራ ፈላጊ ብዛት፣ ወር ሙሉ ተሠርቶ 26 የአሜሪካ ዶላር ገደማ የነበረው የመነሻ ደመወዝ፣ እንዲሁም የተሰፋው ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ መግባቱ ነው። በዚህ ደመወዝ ቤት መከራየት ስለማይቻል ብዙ ልጃገረዶች አንዲት ክፍል ለሦስትና ለአራት ተጋርተው ኖሩ። አከራዩም፣ እንጀራ ሻጯም በእነርሱ ተስፋ አደረጉ።

በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የቀረጥ ነጻውን ዕድል ከኢትዮጵያ ላይ አነሣች። የፓርኩ ዋነኛ ድርጅት ፒ.ቪ.ኤች. ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በኅዳር ወር፣ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። የቀሩ ፋብሪካዎች አሉ፤ ሆኖም ልዩነቱን ልብ እንበል። ሐዲድን ነቅሎ መሄድ ከባድ ነው፤ የስፌት መኪናን ግን በኮንቴይነር ጭኖ ወደ ሌላ አገር መውሰድ ቀላል ነው። በርካሽ ጉልበትና በቀረጥ ላይ ብቻ የመጣ ሥራ በዚያው ፍጥነት ይሄዳል።

እኛ በርዳታ ሥራ ላይ ያለን ሰዎችም እዚህ ላይ ጥፋት አናጣም። ስፌት አስተምረን ምስክር ወረቀት ስንሰጥ ደስ ይለናል፤ ልብሱን ማን እንደሚገዛ፣ ገዢው እምቢ ቢል ምን እንደሚከተል ግን እምብዛም አንጠይቅም። ሥራዋን ያጣችው ልጅ ወደ መንደር ብትመለስ የአባቷ የእንሰትና የቡና ማሳ ቀድሞውኑ ለወንድሞቿ ተከፋፍሎ ይጠብቃታል።