እከክ ጉባኤ ቤት ሲገባ

በ2008 ዓ.ም. ድርቅ በአማራ ክልል የእከክ ወረርሽኝ በስፋት ተከሥቶ እንደ ነበር ይታወሳል። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በጠባብ ጎጆ ተጠጋግተው ለሚያድሩ የአብነት ተማሪዎች ሥጋቱ ዛሬም ቅርብ ነው።

ገላውን ያሳከከውን ተማሪ ወደ አገሩ መሸኘት መፍትሔ አይሆንም። በመጀመሪያ የተያዘ ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ በመሆኑ፣ ጤነኛ የሚመስሉት ጓደኞቹም ተይዘው ይሆናል፤ ተሸኚውም በሽታውን ለሌላ ጉባኤ ቤት ያደርሳል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ለጤና ጣቢያ አሳውቆ፣ የኔታን ጨምሮ አብረው የሚኖሩት ሁሉ በአንድ ቀን እንዲታከሙ ያድርግ። ሕክምናው እንደ ባለሙያው ትእዛዝ ይደገማል።

ልብስ በፈላ ውኃ ይታጠባል። ደበሎ ግን አይቀቀልም (ማን ይደፍራል!)፤ በላስቲክ ታሥሮ ሳምንት ይቆይ፤ ተባዩ ከሰው ገላ ተለይቶ ከጥቂት ቀናት በላይ አይኖርምና። ለዚያ ሳምንት ተማሪው የሚለብሰውን ጋቢ መፈለግ የሰበካው ድርሻ ነው።