ጥቁር የተወለደ ግልገል

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር ፎቶ አለ። ከሐረር ከተማ ዳር፣ ከአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ፣ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጥቁር የሆነ ግልገል ከአንዲት ትልቅ ጅብ ሥር ቆሟል። ከፎቶው በታች «ጅቧ ከውሻ ወለደች» የሚል ተጽፎበታል።

አልወለደችም፤ ልትወልድም አትችልም። ውሻ 78 ክሮሞዞም አለው፤ ዥጉርጉሩ ጅብ 40። የሁለቱ የዘር ሐረግ ከተለያየ ከ40 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ጅብ በመልኩ ውሻ ቢመስልም በዝምድና የሚቀርበው ለድመት ነው። ስለ ድቅሉ ይህ ይበቃል። ፎቶው ግን ከወሬው የተሻለ ጥያቄ አለው፤ ይህ ግልገል ሲያድግ ፀጉሩ ምን ይመስላል? ዛሬ አይቶትስ ነገን መናገር ይቻላል?

ጅብ ከሰው እጅ ሥጋ ሲጎርስ ማታ ማታ የሚያይ የሐረር ሰው በግልገሉ ጥቁረት ቢደነቅ አልፈርድበትም። ዩሱፍ ሙሜ ሳሌህ ለዓመታት ያበሏቸው፣ ከእሳቸውም ልጃቸው አባስ የተረከባቸው ጅቦች አዋቂዎችና ጎረምሶች ናቸው። በጀጎል ግንብ ቀዳዳዎች ሾልከው ሌሊት በየጠባቡ መንገድ ትራፊ የሚለቅሙትም እንደዚያው። ጥቁሮቹ በዚያ ሰዓት ጉድጓድ ውስጥ ናቸው።

ዥጉርጉር ጅብ ሲወለድ 1.5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ዓይኑ ተገልጦ፣ ጥርሱ ወጥቶ ይወለዳል፤ ፀጉሩ ግን አንድም ነቁጥ የሌለበት፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ጥቁር ቡናማ ነው። አንድ ወር ካለፈው በኋላ ፊቱ ይገረጣል። ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ አንገቱና ገላው እየፈካ ሲሄድ ነቁጦቹ ይለያሉ። እግሮቹ የመጨረሻ ናቸው፤ ጀርባው ተዥጎርጉሮ ካበቃ በኋላም ጥቁር ሆነው ይቆያሉ። ለውጡ ሥርዓት ስላለው በኬንያ ማሳይ ማራ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጅቦችን የሚያጠኑት ኬይ ሆልካምፕና ባልደረቦቻቸው የግልገሉን ፀጉርና ቁመና አይተው ዕድሜውን በ7 ቀን ልዩነት ይገምታሉ። በአገራችን ያለው ሌላው፣ ባለ መስመሩ ጅብ፣ ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይወለዳል፣ መስመሮቹ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታያሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው «ፀጉሩ ቀለሙን ቀየረ» ይላል። ከቆዳ በላይ የወጣ ፀጉር ሙት ነው። ፀሐይ ሊያደበዝዘው ይችላል እንጂ በራሱ ቀለም አይቀይርም። የሚቀየረው ከቆዳ በታች ያለው፣ ፀጉሩ የሚበቅልበት ትንሽ ከረጢት ሥራ ነው። እዚያ ሜላኖሳይት የሚባሉ ሴሎች ቀለም እያመረቱ በማደግ ላይ ላለው ፀጉር ያቀብላሉ። ቀለሞቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ጥቁርና ቡናማ የሚሰጠው ዩሜላኒን፣ ቢጫና ቀይ የሚሰጠው ፊዮሜላኒን። በሴሉ ገጽ ላይ ያለው ኤምሲ1አር የሚባል ተቀባይ ሲነቃ ጥቁሩ ይመረታል፤ አጉቲ የሚባል ፕሮቲን መጥቶ ሲዘጋው ቢጫው ይከተላል። አጉቲ ጥቂት ቀን መጥቶ ከሄደ አንዱ ፀጉር ራሱ ጫፉ ጥቁር፣ ወገቡ ቢጫ፣ ሥሩ ደግሞ እንደገና ጥቁር ይሆናል። የሐረር ሴቶች ስፌት ሲሰፉ እንደሚሆነው ነው፤ የተሰፋው ዙር እንዳለ ይቀራል፣ አዲሱ ቀለም የሚገባው በሚሰፋው ዙር ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የፀጉር ጫፍ ያለፈውን ይናገራል፤ የሚመጣውን ማየት የፈለገ ፀጉሩን ገልጦ ሥሩን ይይ።

ከረጢቱ ደግሞ ያለማቋረጥ አይሠራም። ያበቅላል፣ ያርፋል፣ አሮጌውን ይጥላል፣ እንደገና ያበቅላል። የጅቡ ግልገል ጥቁሩን ልብስ የሚጥለው በዚህ ዙር ነው፤ ሁለተኛውን ፀጉር የሚያበቅሉት እነዚያው ከረጢቶች ናቸው፣ ትእዛዙ ግን ሌላ ነው።

ይህን ቴሪየር የሚባሉ ትንንሽ ውሾች አርቢዎች በልምድ ያውቁታል። ዮርክሻየር ቴሪየር የሚወለደው ጥቁር ሆኖ፣ ከዓይኑ በላይ፣ በአፉ ዙሪያና በእግሮቹ ቡኒ ምልክት ይዞ ነው። ካደገ በኋላ ጀርባው ብረት መሰል ግራጫ ይሆናል፤ የመጨረሻ መልኩን እስኪይዝ 2 ወይም 3 ዓመት ሊወስድ ይችላል። እዚህ ከረጢቱ ጥቁሩን በቢጫ አልተካም፤ የሚያቀብለውን ጥቁር ቀነሰ። ለዚህም ነው ልምድ ያለው አርቢ የቡችላውን ጀርባ ፀጉር ከፍሎ ሥሩ ፈክቶ እንደሆነ የሚያየው። ኬርን ቴሪየር ደግሞ ከዚህም ያስቸግራል፤ ዕድሜውን ሙሉ መልኩን ሲለዋውጥ ይኖራል።

ቡችላ ለሚገዛ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ገና ሲወለድ ግራጫ የሆነ ዮርክሻየር «ብርቅ ነው» ተብሎ በውድ ሊቀርብላችሁ ይችላል። ያ ግራጫ በዕድሜ የሚመጣው ግራጫ አይደለም። ኤምኤልፒኤች የሚባለው ጂን ሲበላሽ ቀለሙ በፀጉሩ ውስጥ በእኩል መሰራጨቱ ቀርቶ ይጓጉላል፤ እንዲህ ያለ ውሻ ኋላ ፀጉሩ ሊረግፍና ቆዳው ሊታመም ይችላል። የዘረመል ምርመራ ይህን ጂን በደንብ ይለያል። ጤነኛው ጥቁር ቡችላ ምን ያህል እንደሚፈካ ግን በዚያ ውጤት አይለካም።

ወደ ጅቡ እንመለስ፤ ነቁጡስ ከየት መጣ? ከጥቁሩ ፀጉር በኋላ የመጣ ይመስላል እንጂ፣ በድመት የተገኘው ማስረጃ የሚያሳየው ንድፉ ፀጉር ከመብቀሉም በፊት፣ ገና በፅንሱ ቆዳ ላይ እንደሚሠራ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ኬሊን፣ ግሪጎሪ ባርሽና ባልደረቦቻቸው ዲኬኬ4 የሚባል ጂን በድመት ፅንስ ቆዳ ላይ ወደፊት ጥቁር በሚሆኑት ሥፍራዎች ብቻ ተለይቶ ሲሠራ አሳዩ። ጂኑ ሲበላሽ ምን ይሆናል? የአቢሲኒያ ድመት ትሆናለች። ስሟን ከእኛ የወሰደችው ይህች ድመት በገላዋ ላይ ነቁጥም መስመርም የሌላት፣ እያንዳንዱ ፀጉሯ ግን ለብቻው በጥቁርና በቢጫ የተቀለመው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ። የሒሳብ ሊቁ አለን ቱሪንግ በ1952 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንዱ የሚያነሳሳ ሌላው የሚገታ ሁለት ኬሚካሎች በተለያየ ፍጥነት ሲሰራጩ ነቁጥና መስመር በራሱ ሊፈጠር እንደሚችል በሒሳብ አሳይቷል። ስሌቱ ውብ ነው። ነገር ግን ነቁጥ የሚያወጣ ስሌት ሁሉ እንስሳው የሚጠቀምበት መንገድ አይደለም፤ ብዙ ስሌቶች አንድ ዓይነት ሥዕል ያወጣሉ። በዘርፉ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ሲዘነጉ አይቻለሁ። የድመቱ ውጤትም ለጅቡ የሚያገለግለው በዝምድና ግምት እንጂ በቀጥታ ከጅብ ፅንስ ተነብቦ አይደለም፤ ግምቱ ጠንካራ ነው፣ ግምት ግን ነው።

እንግዲህ ስለ ፎቶው ግልገል ምን መናገር ይቻላል? ፊቱ ገና ጥቁር ስለሆነ ከ2 ወር በታች ነው። አዋቂ ሲሆን ነቁጥ እንደሚኖረው አያጠራጥርም። ነቁጡ የት የት እንደሚያርፍ ግን ከእናቱ አይነበብም፤ ከአንድ ሆድ የወጡ መንትዮች እንኳ ይለያያሉ፣ የአንዱ ጅብ ግራና ቀኝ ጎንም አይመሳሰልም። ጅቦቹን በስም የሚጠሩት የሐረር ሰዎች ይህንንም በስም መለየት ከፈለጉ 4 ወር ገደማ ሲሞላው ሁለቱን ጎኖቹን ፎቶ ያንሱ። ከጊዜ ወደ ጊዜም ይድገሙት፤ ጅብ ሲያረጅ ነቁጡ ይደበዝዛል።