የጋለሪና የወርክሾፕ ንድፍ፦ ከወርቁ ወደ ሰሙ

ቅኔ ፈቺ ሰሙን ይዞ ወርቁን ይፈልጋል፤ የሕንጻ ንድፍ አውጪ መንገድ ግን የተገላቢጦሽ ነው። መነሻው ወርቁ፣ ማለትም ጽንሰ ሐሳቡ ሲሆን፣ ጭቃውና ድንጋዩ ሰም ይሆኑለታል። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን ሠዓሊ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በአዲስ አበባ መካኒሳ ያቋቋሙት፣ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ነው። እንደማነበው ከሆነ ወርቁ "የአገር ቤት አሠራር ራሱ ሥነ ጥበብ ነው" የሚል ነው። ስለሆነም ግድግዳው በጭድ የተቦካ ጭቃ ሆነ፤ ገጹም እንደ ቅርጽ ሥራ ተጌጠ።

ይህን ወደ አምቦ እናምጣው። የምዕራብ ሸዋ ገበሬ ቤቱን በጭቃ ይመርጋል፤ የአምቦ ድንጋይ ደግሞ ተጭኖ ሄዶ የአዲስ አበባን ሕንጻዎች አልብሷል። በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ የተወለዱት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም የገነኑት በዚያው በመዲናይቱ መድረክ ነው። ድንጋዩም ባለቅኔውም በአንድ መንገድ ተጓዙ።

ስለዚህ በአምቦ ጋለሪ ቢታነጽ የንድፉ ቀዳሚ ጥያቄ "ምን እናሳይ?" ሳይሆን "ማን እዚህ ቀርቶ ይሥራ?" መሆን ይገባዋል እላለሁ። እንዲህ ከታሰበ ወርክሾፑ ከጓሮ ወጥቶ ከመግቢያው ላይ ይውላል፤ ተመልካችም በሸክላ ሠሪዋ፣ በድንጋይ ጠራቢውና በሸማኔው አጠገብ አልፎ ወደ ማሳያው ይዘልቃል። ወርክሾፕ የሌለው ጋለሪ ወርቅ የሌለው ሰም ነው።